ለለቅሶ ካልሆነ ምን አወጣቸው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የእግር መንገድ ላይ የተቀመጠ ሰው ሦስት ዓይነት ጥንዶችን ያያል። አንደኛዎቹ ሙሽሮች ናቸው፤ ቬሎ ጎትተው፣ ሚዜ አስከትለው፣ ቪዲዮ ቀራጩ «እስቲ ወደ ውኃው ዞር በሉ» ሲላቸው የሚዞሩ። ሁለተኛዎቹ ገና ያልተጋቡት ናቸው፤ እነሱን አልገልጻቸውም፤ ራሳቸውም እንዲታዩ አይፈልጉም። ሦስተኛዎቹ ግን ከስንት አንዴ የሚገኙ ናቸው። ጸጉራቸው የሸበተ ባልና ሚስት፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንድ ላስቲክ ቆሎ ለሁለት ይዘው፣ አባ ኮዳው በዚያ ረጅም ቅልጥሙ እየተንጎራደደ ሲያልፍ ዝም ብለው የሚያዩ። እነዚህ ለምን ጥቂት ሆኑ? አርጅቶ አብሮ የሚኖር ጠፍቶ አይደለም። ልጆች ስለተካፈሏቸው ነው። አዎ፣ እንደ ርስት ተካፍለናቸዋል። በዚህ አባባሌ የሚቆጣኝ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገሬን እስክጨርስ ግን ይታገሠኝ።

የሰፈራችን ሰው ባልየውን «ቲቸር»፣ ሚስትየዋን «ሲስተር» እያለ ይጠራቸዋል። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው የዕድሩ ጸሐፊ ብቻ ይመስለኛል። ቲቸር ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምረው፣ ስድሳ ሲሞላቸው፣ በ2008 ጡረታ ወጡ። ሲስተር በስድስት ዓመት ስለሚያንሷቸው ከነርስነታቸው የተሰናበቱት በ2014 ነው። በነዚያ ስድስት ዓመታት ቲቸር ምን ሲሠሩ ነበር ብትሉኝ፣ ሲጠብቁ ነበር። አንድ የተማሪ ደብተር ገዙና ልክ እንደ ስም መጥሪያ መዝገብ በማስመሪያ አሰመሩት። በዕድሜያቸው ያፈሯቸውን ወዳጅ ዘመዶች ስም በተርታ ጻፉበት። ሠላሳ አንድ ስም። በየስሙ ትይዩ ከተማው፣ ቀጥሎ ባዶ ሳጥን። «ሲስተር ስትወጣ አንድ ባንድ እየዞርን እንጠይቃቸዋለን፤ የጠየቅነውን ራይት እናደርጋለን» ይሉኝ ነበር።

ሠላሳ አንድ ሰው በአንድ ከተማ አይኖርም። የመንግሥት ሠራተኛ ወዳጅነት ወፍ ዘራሽ ነው፤ ዝውውሩ በጣለው ቦታ ሁሉ ይበቅላል። ቲቸር ጎባ አስተምረዋል፣ ሶዶ አስተምረዋል፣ ዲላና ይርጋለም አስተምረዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘማች ነበሩ፤ ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር በወጣበት በዚያ ዘመቻ ማለት ነው። ያን ጊዜ አንድ የደሴ ልጅ ከእሳቸው ጋር አንድ ጣቢያ ተመደበ። አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለብሰው ከረሙ። የዚያ ሰው ስም ደብተሩ ላይ አንደኛ ተራ ቁጥር ላይ ነው። እሱን አትርሱብኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ጎባ ልውሰዳችሁ። በጥር 2016 ባልና ሚስቱ አንድ ኩንታል የማይሞላ ጓዝ (ይህ የሲስተር አቆጣጠር ነው)፣ ከዚያ ውስጥ አምስት ኪሎ የሲዳማ ቡና ይዘው፣ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገው ጎባ ገቡ። ቲቸር በወጣትነታቸው አብረዋቸው ያስተምሩ የነበሩ ሰው በር ላይ ቆመው አንኳኩ። የከፈቱት የቤቱ እመቤት ናቸው። ሁለቱን ሸበቶዎች፣ ሻንጣውን፣ በመንገድ ድካም የጠቆረ ፊታቸውን አዩና፤

«ኡኡ! ማን ሞተ?» ብለው ጮኹ።

ነጠላቸውን እዚያው በሩ ላይ ዘቅዝቀው ለበሱ። ጎረቤት ወጣ። ባልየው ከውስጥ በባዶ እግራቸው ሮጠው መጡ። ቲቸር «ኧረ ማንም አልሞተም! ልንጠይቃችሁ ነው የመጣነው!» ቢሉ የሚያምን ጠፋ፤ መርዶ ነጋሪ ሁልጊዜ መጀመሪያ እንደዚያ ነዋ የሚለው። በመጨረሻ ሲስተር በማርያም ስም ሲምሉ ነው ለቅሶው የቆመው። ቡናው ከተፈላ በኋላ ሁሉም ስቀውበታል፤ ሲስተርም ዛሬ ሲያወሩት ይስቃሉ። እኔ ግን ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ሳቁ ይጠፋብኛል። ምን ዓይነት ሕዝብ ብንሆን ነው ወዳጅ ቤታችን ሲመጣ ሞት የመጣ የሚመስለን?

እውነቱን እንነጋገር። በዚህ ሀገር አዛውንት ባልና ሚስት መንገድ የሚወጡባቸው ሁለት የተፈቀዱ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ለቅሶ ነው፤ ሁለተኛው የልጅ ልጅ። ለለቅሶ ከሆነ ማንም ምንም አይልም። አውቶቡስ በኮንትራት ይያዛል፣ ገንዘብ ይዋጣል፣ አለቃ ፈቃድ ይሰጣል፣ የታመመ እግር ሳይቀር ይሄዳል። ሃያ ዓመት ያልተጠየቀ ሰው ቀብሩ ላይ ከአራት ከተማ ሰው ይመጣለታል። መጥቶም ደረቱን እየመታ «ሳላይህ!» ይላል። ለምን ሳታየው ቀረህ? መንገዱ እንደሁ ያው መንገድ ነው። አውቶቡሱም ያው ነው። ሰውየው በሕይወት ሳለ ስትሄድ ግን ስምህ «ዘዋሪ» ይሆናል። «በዚህ ዕድሜያቸው ምን ያዞራቸዋል፣ ዐርፈው አይቀመጡም?» የምትለዋ ቃል ከሰፈራችን ሴቶችም ወንዶችም አፍ ወጥታ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ዕረፍት ማለት ለእኛ መቀመጥ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ቆሞ ያስተማረ ሰው መቀመጥ ናፍቆት ሊሆን ይችላል፤ ግን ስንት ቀን ይቀመጣል?

የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ የምንናገርባት ከተማ ሲዳማ ውስጥ መሆኗ ነው። ሲዳማዎች የዘመን መለወጫቸውን፣ ፊቼ ጫምባላላን፣ ሲያከብሩ ልጆች በየቤቱ እየዞሩ ትልቅ ሰው ይሳለማሉ፤ በየገቡበትም ከቆጮና ከቅቤ የተሠራው ቡሪሳሜ ይቀርብላቸዋል። በጉዱማሌ አደባባይ የሚታየው ጭፈራ የበዓሉ አንድ ገጽ ነው እንጂ ሁለንተናው አይደለም፤ ዋናው ነገር መጠያየቁ፣ የተጣላ መታረቁ ነው። ዩኔስኮም በ2015 እ.ኤ.አ. በዓሉን በሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ያሰፈረው ይህንኑ ጭምር አይቶ ነው። በጫምባላላ ቀን በር ሲንኳኳ «ማን ሞተ?» የሚል የለም። ዓለም የመዘገበልንን ነገር እዚሁ አጠገባችን አስቀምጠን፣ የቀረውን ዓመት ሙሉ በሞት ብቻ እንጠያየቃለን።

ሐዋሳ ራሷ እኮ የመጤና የጡረተኛ ልጅ ናት። ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ገዥ ሳሉ በ1952 ስትቆረቆር፣ ከመጀመሪያዎቹ ሠፋሪዎች መካከል በጡረታ የተሰናበቱ ወታደሮች እንደነበሩ የከተማይቱ አዛውንቶች ሲያወጉ ሰምቻለሁ። እዚህ ሥር ሳይኖረው መጥቶ ሥር የሰደደ ሰው ነው ብዙው። ዘመዱ ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ካልሄደ አይጠያየቅም፤ ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው።

ወደ ሁለተኛው ምክንያት ልምጣ፤ እውነተኛው ጠቤ እዚህ ላይ ነው።

ሲስተር ጡረታ በወጡ በሳምንታቸው ከዳላስ ስልክ ተደወለ። ልጃቸው ናት። «እንኳን ደስ አለሽ እማዬ!» አለች። ቀጥላ፤ «አሁንማ ሥራ የለብሽም» አለች። ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ነው። ግብዣው ለሲስተር ብቻ ነበር። የቪዛው ማመልከቻ ያኔ 160 ዶላር ነበር (ከጁን 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ 185 ገብቷል)፤ ተከለከልክም ተፈቀደልህም አይመለስም። ለሁለት ሰው መክፈሉ ከበደ፤ ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። «ሁለት ሆናችሁ ካመለከታችሁ አይመለሱም ብለው ይከለክሏችኋል፤ አንዱ እዚህ መቅረት አለበት» የሚል ምክር ከሰፈሩ አዋቂዎች ተሰጠ። ስለዚህ ቲቸር መያዣ ሆነው ቀሩ። አርባ ዓመት ያገባ ሰው፣ እንደ ቤት ካርታ፣ መያዣ!

ሲስተር በታኅሣሥ 2015 ሄዱ። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ ሃያ ሦስት ኪሎ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ለአጥሚት የሚሆን እህል፣ ድርቆሽ። የራሳቸው ልብስ በእጅ ቦርሳ ገባ። ስድስት ወር ቆዩ። ዳላስን እንዴት አዩት ስላቸው «መስኮቱ ትልቅ ነው» አሉኝ። ሌላ ምን ይበሉ? ልጅቱና ባሏ ንጋት ላይ ወጥተው ማታ ይገባሉ፤ እሳቸው ከአራሱና ከትልቁ ልጅ ጋር ይውላሉ። መኪና አይነዱ፣ አውቶቡሱን አያውቁ። ዘመድ ጥየቃ ተብሎ በተሰጠ ቪዛ ስድስት ወር ሙሉ ዘመድ ሳይጠይቁ ተመለሱ። እዚያው ቴክሳስ ውስጥ፣ ሂውስተን፣ የነርስነት ትምህርት ቤት ጓደኛቸው ነበረች፤ በደብተሩ ላይ ዐሥራ አራተኛ ተራ ቁጥር። በስልክ አወሩ። ሳጥኑ ባዶ ነው።

እዚህ ጋ «እናታችን እኮ ራሷ ደስ ብሏት ነው» የሚለውን ድምፅ እሰማለሁ። እውነት ነው፤ ሲስተር የልጅ ልጆቻቸውን ይወዳሉ፤ ፎቶአቸውን ለማያውቁት ሰው ሁሉ ያሳያሉ። ፍቅራቸውን ማንም አልካደም። የምጠይቀው ሌላ ነው። ፍቅር ስለሆነ ደመወዝ የለውም፣ ፍቅር ስለሆነ ዕረፍት የለውም፣ ፍቅር ስለሆነ ባልን ትቶ መሄድ ነው፤ ይኸ ከየት የመጣ ሕግ ነው? የቤት ሠራተኛ እንኳ በሁለት ሳምንት አንድ እሑድ ትወጣለች።

ሁሉንም በልጆቹ ላይ መከመርም አልፈልግም። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ለአባትየው 3 ቀን። በዘጠና አንደኛው ቀን ሕፃኑ ማን ጋ እንደሚውል አዋጁ አይናገርም፤ መናገርም አላስፈለገውም፤ አያት አለችና። ሀገራችን የሕፃናት ማቆያ ሳትሠራ እንዴት ትተዳደራለች ለሚል የውጭ ሰው መልሱ ይኸው ነው፦ በጡረተኛ ሴቶች ጉልበት። ዳላስ ያለችውም ልጅ ብትሆን የሕፃን ማዋያ ክፍያው ከቤት ኪራይ አይተናነስም ስትል አትዋሽም። የተቸገረ ሰው በቅርቡ ያለውን ይይዛል። ግን የተቸገረ ሰው ቢያንስ «ተቸግሬ ነው፣ አግዢኝ» ይላል እንጂ «ነዪ ተዝናኚ» አይልም።

ቲቸር በነዚያ ስድስት ወራት ምን ሆኑ? ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነበር፤ ሻይ ማፍላት የተማሩት ያኔ ነው። (ይህ የእሳቸው ጥፋት ነው፤ የእኛ የወንዶቹ ሁሉ ጥፋት ነው፤ ሌላ ቀን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል።) በሶ በጥብጠው ጠጥተው የሚያድሩበት ቀን ብዙ ነበር። የሰፈሩ ሰው ወጥ ይልካል፤ ደም ግፊታቸውን የሚለካላቸው ግን አልነበረም፤ የምትለካቸው ነርስ ዳላስ ናት። አንድ ማታ አጥር ላይ ተደግፈው እንዲህ አሉኝ፦ «በወጣትነታችን እኔ ጎባ፣ እሷ ዲላ፣ ሦስት ዓመት ተለያይተን ሠርተናል። ዝውውር በጠየቅን ቁጥር ክፍት የሥራ መደብ የለም ይሉን ነበር። ያኔስ ለእንጀራ ነው። አሁን የሚለየን ምንድን ነው?» መልስ አልነበረኝም። መልስ ስላልነበረኝም ነው ይህን የምጽፈው።

አሁን ወደ ደሴው ሰው እመለሳለሁ።

ቲቸር በ2008 ጡረታ ሲወጡ ብቻቸውን ሄደው ሊያዩት ይችሉ ነበር። «ሲስተርን አስተዋውቄው አላውቅም፤ አብረን እንሄዳለን» ብለው አቆዩት። በ2012 ኮሮና መጣ። በ2013 ጦርነቱ መጣ፤ በ2014 መጀመሪያ ላይ ደሴ ራሷ በጦርነቱ ተያዘች፤ ተለቀቀች። ሲስተር ጡረታ በወጡ ጊዜ መንገዱ አያስኬድም ነበር። ከዚያ በጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ። መንገዱ እንደ ልብ ባይሆንም መኬድ ጀመረ። ሰውየው ደውሎ «አሁን ኑ፣ ድንች እንኳ ቢሆን አብረን እንበላለን» አለ። ያች የተከፈተች መስኮት ከጥቅምት እስከ ክረምቱ ቆየች። እስቲ ቀኑን ቁጠሩት፤ ሲስተር ዳላስ የነበሩት ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ነው። ሲመለሱ ክረምት ነበር፤ በሐምሌ 2015 መጨረሻ አማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መንገዱ እንደገና ተዘጋ። ሰውየው በ2016 ዐረፈ። ለቀብሩም መሄድ አልተቻለም፤ ለቅሶ እንኳ የሚከለከልበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ቲቸር በስልክ በተላከላቸው ቪዲዮ የቀብሩን ሥርዓት አዩ። ደብተሩ ላይ አንደኛ ተራ ቁጥር በቀይ ስክሪፕቶ ተሠርዟል፤ መምህር ስለሆኑ ቀዩን የሚጠቀሙት ለስሕተት ነው።

ጦርነቱን ልጅቱ አላመጣችውም። ይህን እንዳላልኩ ይታወቅልኝ። ነገር ግን በዚህ ሀገር መንገድ የሚከፈትበት ጊዜ እንደ በልግ ዝናብ ነው፤ ሲመጣ ካልዘሩበት አይጠብቅም። ወጣት ሰው አንድ መስኮት ቢያመልጠው ሌላ ይጠብቃል። የስድሳ ሰባት ዓመት ሰውና የስድሳ ስምንት ዓመት ወዳጁ ስንት መስኮት አላቸው?

ገንዘቡስ? የሚል አንባቢ አለኝ፤ ትክክል ነው። በ2003 በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ቀመር፣ ዐሥር ዓመት ላገለገለ ሰው የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላገለገለው ለያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ፣ ከ70 በመቶ ሳያልፍ ይታሰብ ነበር። የቲቸር ሠላሳ ስምንት ዓመት ተባዝቶ ተደምሮ 65 በመቶ መጣ። የ2008 የመምህር ደመወዝ ስልሳ አምስት በመቶ! ከዚያ ወዲህ ማሻሻያ አልተደረገም አልልም፤ ገበያው ግን ማሻሻያ አይጠብቅም፤ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ደግሞ የቀረችውም አጠረች። በክልል አቋራጭ አውቶቡስ ላይ ለአዛውንት ቅናሽ ሲደረግ እኔ አላየሁም። ሀብታም ስላልሆንን ነው የምትሉኝ ከሆነ ሕንድን እዩ፤ ስድሳ ዓመት ለሞላው ወንድ የባቡር ዋጋ 40 በመቶ፣ ሃምሳ ስምንት ለሞላት ሴት 50 በመቶ ትቀንስ ነበር፤ ያቋረጠችው በማርች 2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና ሲመጣ ነው። የመሬት ስፋቷና የሕዝቧ ብዛት አላገዳትም።

ይሁን እንጂ ገንዘቡን ሰበብ ማድረግ አልወድም፤ ለአምስት ቀን ድንኳን የሚወጣውን ወጪ ስለማውቅ። ከዚያች ጡረታ ላይ በየወሩ ለዕድር የሚከፍሉ፣ ለራሳቸው ቀብር ሳጥን ውስጥ ብር የሚያስቀምጡ አዛውንቶች ሞልተዋል። «ስሞት እንዳላዋርዳችሁ» ይላሉ። ቆማችሁ ሳላችሁ በዚያች ብር ይርጋለም ድረስ ሄዳችሁ እኅታችሁን ብታዩ ማን ይዋረዳል? እዚህ ላይ ወላጆቻችንም ጥፋት አለባቸው። ራሳቸውን ለጥየቃ አያምኑም። ሰው ቤት ለመሄድ ሰበብ ይፈልጋሉ፤ ክርስትና፣ ሠርግ፣ ተዝካር። «ናፍቃችሁኝ ነው» ማለት ያሳፍራቸዋል።

ተቀባዮቹ ደግሞ አሉ። አዲስ አበባ ያለው የነቲቸር ልጅ ጨዋ ልጅ ነው፤ ይደውላል፣ በበዓል ይልካል። በ2016 ክረምት ሁለቱም ኮንዶሚኒየም ቤቱ ሄደው አምስት ቀን ተቀመጡ። ባለ አንድ መኝታ ነው፤ መኝታውን ለነሱ ለቆ እሱና ሚስቱ ሳሎን ተኙ፤ ይህን ክብር አልነፍገውም። ግን ጠዋት ሁሉም ይወጣል፤ በሩ ይቆለፋል፤ «ሌባ ስላለ ለማንም አትክፈቱ» ይባላሉ፤ ቴሌቪዥኑ ይከፈትላቸዋል። ቲቸር የሒሳብ መምህር ናቸውና አስልተውታል፤ በአምስት ቀን ልጃቸውን ያዩት በድምሩ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። በስድስተኛው ቀን ልጁ «መኪና ልፈልግላችሁ እንዴ?» አለ። ክፉ አስቦ አይደለም። ሲስተር ግን ያን ማታ ሻንጣቸውን አሰናዱ። እንግዳ መቀበል ማለት አልጋ መልቀቅ ብቻ የመሰለን ብዙ ነን። አንድ ቀን ፈቃድ ወስዶ አባቱን መርካቶ ቢያዞረው፣ የድሮ ጓደኛው ቤት ቢያደርሰው፣ ያቺ አንድ ቀን ከአልጋው ትበልጥ ነበር።

እኔ ማን ነኝና ልፍረድ? የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ እናቴን ከገጠር ያመጣኋት እኔው ነኝ። አንድ ዓመት እዚህ ሐዋሳ ተቀመጠች። ሐይቁን ያየችው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ስትመጣ፣ አንዴ ስትሄድ፣ ሁለቱንም ከባጃጅ ላይ ሆና። ዐሣ ጥሬውን በዳጣ አልቀመሰችም፤ ጉሬዛዎቹን አላየችም። አባቴ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። «ደኅና ናት?» ይላል፤ «ደኅና ናት» እላለሁ፤ ይዘጋል። «ላናግራት» ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ የስልኩ ሒሳብ እኔን እንዳይቆጥርብኝ ነው ብዬ አስብ ነበር። እናቴ ወደ ቤቷ ስትመለስ አባቴ የማያውቃትን ሰው እንደሚቀበል በሩ ላይ ቆሞ እንደጠበቃት እኅቴ ነገረችኝ። «አንድ ዓመት ምን አላት?» ትሉኛላችሁ፤ ለእኔ ምንም አልነበረም።

ባለፈው ወር ከዳላስ እንደገና ተደወለ። ሦስተኛ ልጅ ነው፤ እግዜር ያሳድገው። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር፣ እኔም ለጨዋታ ተቀምጬ ስለነበር ሰማሁት። ሲስተር፤

«ከመጣን ሁለታችን ነን» አሉ።

«አባዬ? አባዬ እዚህ መጥቶ ምን ይሠራል?»

ምን ይሠራል! ጡረታ የወጣ ሰው እኮ ነው። ምንም እንዳይሠራ ነው ሠላሳ ስምንት ዓመት የሠራው። ሲስተር አልተቆጡም፤ እንደ እኔ አይደሉም። «ከእኔ ጋር ይቀመጣል» አሉ። «አንድ እሑድ ደግሞ ሂውስተን ትወስጂናለሽ፤ ጓደኛዬን አስተዋውቀዋለሁ።» ከወዲያ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ልጅቱ ከባሌ ጋር ልማከር አለች። እስካሁን መልስ አልመጣም።

እነሱም ቁጭ ብለው መልስ አልጠበቁም። ያለፈው ሐሙስ ንጋት ላይ ሁለት ሻንጣ በባጃጅ አስጭነው ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ዶሮዎቹን የማበላው እኔ ነኝ፤ እንቁላሉን እንድወስድ ተፈቅዶልኛል። በሩ ላይ ቲቸር በዚያ በሰሌዳ የተገራ ጽሕፈታቸው ጽፈው የለጠፉት ወረቀት አለ። «ማንም አልሞተም። አርባ ምንጭ ነን።» ይላል። ትናንት ማታ አንዲት ጎረቤት ወረቀቱን አንብባ ወደ እኔ መጣች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «እውነቱን ንገረኝ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ።